ጎበዝ ልጅ ራሱን አያስተምርም

«እሱን ተወው፤ ጎበዝ ነው፣ የትም ቢሆን ራሱን ያወጣል።» ይህን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ያልሰማ አስተማሪ ያለ አይመስለኝም። ወላጆች የውጤት ካርድ ሊወስዱ ሲመጡም ይባላል፤ ስለ ማጠናከሪያ ትምህርት ስብሰባ ሲደረግም ከመሃል አንዱ ይለዋል። ሙገሳ ስለሚመስል የሚቃወመው የለም፤ ልጁም ሲሰማው ደስ ይለዋል። በተግባር ግን የሚሆነው ይህ ነው፦ ልጁን አናስተምረውም። ዴስኩ ላይ ይቀመጣል፣ ሌሎቹ እስኪደርሱበት ይጠብቃል፣ ፈተና ሲመጣ መቶ ያመጣልናል፣ በወላጆች ቀን ሽልማት እንሰጠዋለን። ዓመቱን ሙሉ ምን አዲስ ነገር ተማረ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይገኝም።

ይህ አመለካከት ስህተት ነው፤ ከስህተትነቱ በላይ ደግሞ ጎጂ ነው። ጉዳቱም በሁሉም ላይ እኩል አይደርስም። ቤቱ መጽሐፍ ያለው፣ አስጠኚ የሚቀጠርለት፣ እናቱ ወይም አባቱ የተማሩ ልጅ አስተማሪው ቢረሳው ሌላ የሚይዘው ሰው አለው። አስተማሪው ሲረሳው ፈጽሞ የሚረሳው ከአስተማሪው በቀር ማንም የሌለው ልጅ ነው። «ራሱን ያወጣል» እያልን የምንተወው ይህንን ልጅ ነው።

አባባሉ እውነት የሚመስለው የወጡትን ብቻ ስለምንቆጥር ነው። በባዶ እግሩ ተራራ እየወረደና እየወጣ ተምሮ ፕሮፌሰር የሆነ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። የምናውቀውም ስለወጣ ነው። ከእሱ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠው፣ ምናልባትም በሒሳብ ይበልጠው የነበረው፣ 6ኛ ክፍል ላይ ትምህርት ሰልችቶት የቀረው ልጅ በሬዲዮ አይጠየቅም፤ የሕይወት ታሪኩን አይጽፍም። ስለዚህ «ጎበዝ አይወድቅም» ለሚለው ክርክር ምስክር ሆነው የሚቀርቡት ያልወደቁት ብቻ ናቸው። እንዲህ ያለውን ምስክርነት በሌላ ጉዳይ ላይ ማንም አይቀበለውም።

በዚህ ክርክር ብዙ ጊዜ ስሙ የሚጠራው ሕንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ስሪኒቫሳ ራማኑጃን ነው። አስተማሪ ሳያሻው በራሱ ደረሰ ይባላል። ታሪኩን እስከ መጨረሻው የተከታተለ ሰው ግን የሚያገኘው ሌላ ነው። ኩምባኮናም በምትባል የደቡብ ሕንድ ከተማ ያደገው ራማኑጃን እ.ኤ.አ. በ1904 ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ኮሌጅ ገባ። ከሒሳብ በቀር የሚታየው ነገር ስላልነበረ በሌሎቹ ትምህርቶች ወደቀ፤ ዕድሉንም ተነጠቀ። በኋላ በማድራስ ሞከረ፤ እዚያም ወደቀ። የኛን የውጤትና የደረጃ መዝገብ፣ ሮስተሩን፣ ብንዘረጋለት ኖሮ ስሙ ከታች ይገኝ ነበር። ከዚያ ያነሱት ሰዎች ናቸው። የሕንድ የሒሳብ ማኅበርን የመሠረተው ራማስዋሚ አይየር ደብተሩን አገላብጦ አየና ለሚያውቃቸው ሰዎች ጻፈለት። በማድራስ ወደብ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ሲቀጠር አለቃው ናራያና አይየር የሒሳብ ሰው ሆኖ ተገኘ። ደብዳቤ ጽፎላቸው ዝም ያሉ የካምብሪጅ ምሁራን ነበሩ፤ በ1913 የደረሰው ጂ. ኤች. ሃርዲ ግን ወረቀቱን አስቀምጦ አላለፈም፤ ቁጭ ብሎ አነበበው። ከነዚህ ሦስት ሰዎች አንዱ ቢጎድል ዓለም ራማኑጃን የሚባል ሰው እንደነበረ አያውቅም ነበር። እንዲህም ሆኖ ረዳት ያገኘው ዘግይቶ ነው፤ በ1920 ሲሞት ገና 32 ዓመቱ ነበር።

ከአገራችንም አንድ ሰው ላንሳ። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በልጅነታቸው ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። የሥዕል ችሎታቸውን አይተው ወደዚያ እንዲያዘነብሉ ያበረታቷቸው እዚያ ያገኟቸው አስተማሪዎቻቸው ናቸው። በኋላ ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን ሰፊ የመስተዋት ሥዕል የሚያይ ሰው አፈወርቅን ያደንቃል፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን እዚያ በቆምኩ ቁጥር «ይህ ልጅ የተላከው ለማዕድን ነው» ብለው ያላለፉትን አስተማሪዎች አስባለሁ።

እነዚህን ሁለቱን ዕድለኞች ናቸው ብሎ ማለፍ ይቻላል። በቆጂን ግን በዕድል ማለፍ አይቻልም።

በአርሲ ዞን ያለችው ይህች ትንሽ ከተማ ለኢትዮጵያ ያበረከተችው የኦሊምፒክ ወርቅ በሌላ አገር ቢሆን ለአንድ መንግሥት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ደራርቱ ቱሉ፣ በ1996 በአትላንታ ማራቶን ፋጡማ ሮባ፣ በአቴንስና በቤጂንግ ቀነኒሳ በቀለ፣ በቤጂንግ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር፣ በለንደን ደግሞ እንደገና በ10,000 ሜትር ጥሩነሽ ዲባባ። ብዙ ሰው ይህን በአየሩና በከፍታው ያብራራዋል። ከፍታው ድርሻ አለው። ነገር ግን አገራችን በዚያ ከፍታ ላይ በተቀመጡ ከተሞች የተሞላች ናት፤ ደብረ ብርሃን አንዷ ናት። በቆጂ የነበራት ተጨማሪ ነገር አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ ነው፤ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ። በክፍለ ጊዜው ልጆቹን ሲያሯሩጥ የሚያየውን የሚያውቅ ሰው ነበር። የተለየ ነገር ያየበትን ልጅ «ይህ ፈጣን ነው፤ ራሱን ያወጣል» ብሎ አልተወውም። ለይቶ አሠለጠነው። ክለቦች ከዚያ ተቀበሉት።

በሩጫ ይህን ሁላችንም እንቀበላለን። ፈጣን ልጅ አሠልጣኝ አያስፈልገውም የሚል ሰው ቢመጣ እንስቅበታለን። እንዲያውም ፈጣኑ ልጅ ከሌላው የጠነከረ ልምምድ፣ ከሌላው የበለጠ ክትትል እንደሚሻ ማንም የሠፈር ሰው ይነግረናል። ያው ትምህርት ቤት፣ ያው ልጅ፣ ሜዳውን ለቆ ሒሳብ ክፍል ሲገባ ግን እምነታችን ይገለበጣል። እዚያ ፈጣኑ ልጅ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ እንላለን።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ። ጎበዝ የምንለው ማንን ነው? በትምህርት ቤቶቻችን መልሱ የተዘጋጀ ነው፦ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጣው። የደረጃ አወጣጡን እናስታውስ። የአማርኛው፣ የእንግሊዝኛው፣ የሒሳቡ፣ የሳይንሱ፣ የኅብረተሰቡ፣ የስፖርቱ ውጤት ይደመራል፤ ይካፈላል፤ ደረጃ ይወጣል። ውጤቱ ውስጥ ደብተር በጊዜ ማስያዝ አለ፤ የቤት ሥራ አለ፤ አለመቅረት አለ። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ልጆች ትጋትን መማር አለባቸው። የሚለካው ግን ትጋትና ሁሉንም እኩል መያዝ ነው። በአንድ ነገር ከዕድሜው በብዙ ዓመት የቀደመ፣ በሌላው ተራ የሆነ ልጅ በድምሩ ውስጥ ይጠፋል። 14ኛ ይወጣል። 14ኛ የወጣን ልጅ ደግሞ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

የገበያ ቀን ከእናቷ ጋር ቅቤና እህል የምትሸጥ፣ የሰባት ሰው ሒሳብ በጭንቅላቷ ይዛ መልስ የምትመልስ ሴት ልጅ፣ በሳምንት አንድ ቀን ስለምትቀር ብቻ ከውጤቷ ይቀነስባታል። ቤት ስትገባ ውኃ መቅዳቱና እንጀራ መጋገሩ ይጠብቃታል፤ ደብተር የምትይዘው ሌላው ሲተኛ ነው። የትምህርቱ ቋንቋ ከቤቷ ቋንቋ የተለየ ከሆነ ደግሞ የምታውቀውን እንኳ መናገር አትችልም። ሮስተሩ ከነዚህ አንዱንም አያሳይም።

ከዚህ ሌላ አስተማሪ የሚያስቸግር የሚለው ልጅ አለ። ሒሳብ ሲሠራ መንገዱን አይጽፍም፤ መልሱን ብቻ ያስቀምጣል። ለዜሮ ማካፈል ለምን አይቻልም ብሎ ይጠይቃል፤ «አይቻልም ተብሏል፣ ተከተል» ሲባል ጥያቄውን አይተውም። የተነገረው ነገር ለሦስተኛ ጊዜ ሲደገም መስኮት መስኮቱን ያያል፣ ጎኑ ያለውን ይነካካል፣ ይረብሻል። ተንበርከክ ይባላል። ይህ ልጅ ሁልጊዜ ብሩህ ነው አልልም፤ አንዳንዱ ረባሽ ረባሽ ብቻ ነው። ነገር ግን አስተማሪው ለመለየት አንድም ጊዜ ካልሞከረ፣ የመሰልቸትን ምልክት ከጥፋት ጋር አብሮ ይቀጣዋል፤ ልጁም ከጥቂት ዓመት በኋላ መጠየቁን ይተዋል። ያን ጊዜ «ጨዋ ሆነ» ይባልለታል።

በፈተና ብቻ መለየትም ቢሆን እንደሚያታልል ሌሎች አይተውታል። የስታንፎርዱ ሉዊስ ተርማን እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ በካሊፎርኒያ 1,500 ያህል ልጆችን በአእምሮ ፈተና መርጦ ዕድሜ ልካቸውን የተከታተለ ሰው ነው። በዚያ ፈተና ተፈትነው የተፈለገውን ነጥብ ባለማምጣታቸው የቀሩ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ ዊልያም ሾክሌይና ሉዊስ አልቫሬዝ። ሾክሌይ በ1956፣ አልቫሬዝ በ1968 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አገኙ። በጥንቃቄ የተመረጡት ልጆች መካከል ግን የኖቤል ተሸላሚ አልወጣም። ይህን የምጠቅሰው ፈተና ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። አንድ በር ብቻ ያለው ቤት የሚገቡትን ብቻ ሳይሆን የሚቀሩትንም እንደሚወስን ለማሳየት ነው።

የአስተማሪ ዓይን ብቻውንስ ይበቃል? በአሜሪካ ፍሎሪዳ የብሮዋርድ አውራጃ ትምህርት ቤቶች ለብሩህ ተማሪዎች ልዩ ትምህርት የሚታጩ ልጆችን የሚመርጡት በአስተማሪና በወላጅ ጥቆማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 አሠራሩን ለወጡና የ2ኛ ክፍል ተማሪዎችን በሙሉ አጭር መለያ ፈተና አስፈተኑ። ከዚያ በፊት ያልታዩ የድሃ ቤተሰብ ልጆች፣ ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ልጆች፣ በብዛት ተገኙ። ልጆቹ በፊትም እዚያው ነበሩ፤ ማንም አልጠቆማቸውም እንጂ። በጀት ጠፍቶ ፈተናው ሲቆም ደግሞ ቁጥሩ ወደ ነበረበት ተመለሰ። አስተማሪዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። የሚመስላቸውን፣ የሚናገረውንና የሚመልሰውን፣ ወላጁ የሚመላለስለትን ልጅ ነበር የሚያዩት። እኛም ከዚያ አንሻልም።

«60 ልጅ ክፍል ውስጥ ይዤ ይህን ሁሉ እንዴት አድርጌ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልሱም ከጠመኔ የሚያልፍ ወጪ የለውም። አንድ ምሳሌ ላሳይ። አካፋዮችን የተማሩ ልጆች ባሉበት ክፍል ሰሌዳው ላይ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ ከ1 እስከ 100 ካሉት ቁጥሮች መካከል ሦስት አካፋዮች ብቻ ያሏቸው የትኞቹ ናቸው? ለምንስ እነሱ ብቻ?

ቀጥሎ የሚሆነውን መመልከት ነው። አብዛኛው ክፍል በየተራ መሞከር ይጀምራል፤ ጥሩ ልምምድ ነው። ደረጃ የሚወጣው ሰቃይ ተማሪ፣ ብዙ ጊዜ፣ ቀመሩን ይጠይቃል። ቀመር የለም ሲባል ይጨነቃል፤ እስከ ዛሬ የተሸለመው የተሰጠውን በትክክል በመመለሱ ነውና። ከመሃል ወይም ከኋላ አንዱ ግን 4ን ያገኛል፣ 9ን ያገኛል፣ 16ን ሞክሮ ይተወዋል፤ 16 አምስት አካፋይ አለው። ዝም ይላል። ከዚያ 25 እና 49 ብሎ ይጽፋል፤ የብቸኛ ቁጥሮች ካሬዎች መሆናቸው ገብቶታል። 100 ድረስ አይሄድም፤ መሄድ እንደማያስፈልገው ያውቃል። ከሁሉም የሚበልጠው ምልክት ግን ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው፦ ማንም ሳያዝዘው «አራት አካፋይ ያላቸውስ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን የጠየቀ ልጅ በሮስተሩ 1ኛ ይሁን 40ኛ አስተማሪው የሚፈልገውን አግኝቷል። ያቺ አንዲት ጥያቄ ልጁን ለየችው፣ በዚያው ጊዜም አስተማረችው።

ይህን ያህል ካየን የቀረው አስቸጋሪ አይደለም። ከ20 መልመጃ በጣም ከባዶቹን አምስቱን በትክክል የሠራ ልጅ ቀሪዎቹን 15 እንዲሠራ መገደድ የለበትም። ምዕራፉ ከመጀመሩ በፊት የምዕራፉን ፈተና ይፈተን፤ ካወቀው ሁለት ሳምንት ያንኑ እየሰማ አይቀመጥ፣ የሚቀጥለው ክፍል መጽሐፍ ይሰጠው። በሒሳቡ ክፍለ ጊዜ 7ኛ ክፍል ሄዶ ተምሮ ለቀሪው ትምህርት ወደ 5ኛ ክፍሉ ይመለስ። ለዚህ የሚያስፈልገው የርእሰ መምህሩ ፈቃድና የሁለት አስተማሪዎች መግባባት ነው።

እኛ ግን ለጎበዝ ተማሪ ያገኘንለት ሥራ ሌላ ነው። ለዓመታት በየትምህርት ቤቱ በተዘረጋው የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ጎበዙ የቡድን መሪ ሆነ፤ አምስቱን ያስረዳ፣ ያስጠና፣ ሪፖርት ያቅርብ ተባለ። ጓደኛን ማስረዳት ጥሩ ነገር ነው፤ የሚያስረዳውም ይጠቅመዋል። ነገር ግን ልጁ ወደ ትምህርት ቤት የመጣው ሊማር ነው። በየቀኑ የሚያውቀውን ለሌላ እየደገመ የሚውል የ11 ዓመት ልጅ ደመወዝ የማይከፈለው ረዳት አስተማሪ ሆኗል፤ የእሱን ትምህርት የሚያስብለት ደግሞ የለም።

ጎበዝ ተማሪ ሌላውን እያስጠና የሚማርበትን ሥርዓት ከፈለግን ከራሳችን ቤት የተሻለ ምሳሌ አለ። ዋሸራ፣ ጎንጅ ወይም ዋድላ በሚባሉት ቤቶች ሥርዓት የሚሄድ የቅኔ ጉባኤ ውስጥ ዕድሜም የመግቢያ ዓመትም ክፍል አይወስንም። የጀማሪውን ቅኔ ጉባኤ ቃናን የሚቆጥረውና ከፍ ብሎ መወድስ የደረሰው ተማሪ አንድ ጉባኤ ላይ ይቀመጣሉ። ሁሉም ቆጠራውን ለየብቻው ያደርጋል፤ በነገራ ጊዜ እያንዳንዱ የራሱን ቅኔ ያቀርባል፤ የኔታም እያንዳንዱን በደረሰበት ልክ ያርሙታል። ጉባኤ ቃናው የተስተካከለለት ወደ ዘአምላኪየ፣ ከዚያ ወደ ሚበዝኁ ያልፋል፤ ጓደኞቹ እስኪደርሱ ጠብቅ የሚለው የለም። የበረታው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ከታች ያሉትን ይሰማል፤ እዚህ ላይ ነው ልዩነቱ። እሱ የሚያስነግረው ያለፈውን ሲሆን፣ በዚያው ወቅት የኔታ ደግሞ ከእሱ በላይ ያለውን ይሰጡታል። ቤቱ ሲሞላለትም ሌላ ሊቅ ፍለጋ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። የአብነት ትምህርት ቤት ጉድለት የለበትም እያልኩ አይደለም፤ ለሴቶች ጠባብ ነበር፣ ለተማሪውም ሕይወቱ ከባድ ነው። ግን ልጅን በዕድሜ ቆልፎ አያስቀምጥም። ያን የመሰለ ልምድ እያለን፣ አእምሮ ሁሉ በአንድ ዓመት አንድ ክፍል ብቻ መራመድ አለበት የሚለውን እንደ ተፈጥሮ ሕግ መቀበላችን ያሳዝነኛል።

ክፍል የዘለለ ልጅ በማኅበራዊ ሕይወቱ ይጎዳል የሚል ስጋት ሁልጊዜ ይነሳል። ይህ ስጋት በቅንነት የሚነሳ ቢሆንም ማስረጃው ከጎኑ አልቆመም። በአሜሪካ የአይዎዋ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ሰፊ ጥናት የአሥርት ዓመታት ምርምሮችን ሰብስቦ ያሳየው፣ በጥንቃቄ ተመርጠው ወደፊት የተራመዱ ልጆች በትምህርታቸው እንደሚበልጡና በአማካይ በስሜትም ሆነ በጓደኝነት ጉዳት እንደማይደርስባቸው ነው። ለእኛ ደግሞ ክርክሩ ጭራሽ ቦታ የለውም። በገጠር ትምህርት ቤቶቻችን አንድ 5ኛ ክፍል ውስጥ የ10 ዓመትና የ15 ዓመት ልጅ አብረው ይማራሉ። ከታላላቆች ጋር መቀመጥ ዘግይቶ ለገባው ልጅ ችግር ካልሆነ፣ ለቀደመው ልጅ ችግር የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? ከአያቶቻችንና ከአባቶቻችንም መካከል በንጉሡ ዘመን በአንድ ዓመት ሁለት ክፍል ያለፉ ነበሩ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ግን ሌላ ነው፤ የሚናገሩትም ለድሃው ልጅ የሚቆረቆሩ ሰዎች ናቸው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. ውጤት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ ነበሩ። «አብዛኛው እየወደቀ ስለ ጥቂት ብሩሆች ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ?» ይላሉ።

እኔ ያንኑ አኃዝ ይዤ ተቃራኒውን እላለሁ። ከሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች፤ በያንዳንዱ ውስጥ በአሥራዎቹና በመቶዎቹ የሚቆጠሩ ተፈታኞች። በነዚያ ሁሉ መካከል አንድም ብሩህ ልጅ አልነበረም ብሎ የሚያምን አለ? ነበሩ። በዓመታት ውስጥ የሚመጥናቸውን የሚሰጣቸው ጠፍቶ ነው እንደ ሌላው የወደቁት። «ጎበዝ የትም ራሱን ያወጣል» የሚለውን እምነት ለማፍረስ ከዚህ ውጤት የሚበልጥ ማስረጃ አላውቅም። ደግሞም ከባድ ጥያቄ የሚሰጥ፣ ልጅ «ለምን» ሲለው የሚመልስ፣ ማን የት እንደደረሰ የሚያውቅ አስተማሪ ለደካማውም ተማሪ የሚሻል አስተማሪ ነው። አንዱን ለማየት የሠለጠነ ዓይን ሌላውንም ያያል።

ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ይበቃሉ የሚሉም አሉ። እንደ መቀሌው ካላሚኖ ያሉት ከድሃ ቤት የመጡ ልጆችን ለትልቅ ቦታ አድርሰዋል፤ ሊዘጉ ሳይሆን ሊበዙ ይገባቸዋል። ነገር ግን የሚቀበሉት 8 ዓመት ተምሮ በፈተና የበለጠውን ነው። በ3ኛ ክፍል የሰለቸው፣ በ5ኛ ክፍል መጠየቅ የተወው፣ በ7ኛ ክፍል ያገባችው ልጅ በራቸው ድረስ አትደርስም። አዳሪ ትምህርት ቤት የሚለቅመው ተራው ክፍል ያላጠፋውን ብቻ ነው።

ስለ 1ኛው ልጅ ደግሞ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ ሮስተሩ እሱንም ይጎዳዋልና። 12 ዓመት ሙሉ ሳይለፋ 95 እያመጣ የኖረ ልጅ አንድም ቀን ከባድ ነገር ገጥሞት አያውቅም። አለመቻልን፣ ለሦስት ቀን አንድ ጥያቄ ይዞ መሰንበትን፣ ተሳስቶ እንደገና መጀመርን አልተለማመደም። ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ ዶርሙ ውስጥ ያሉት ሁሉ ከየትምህርት ቤታቸው 1ኛ የወጡ ናቸው። ፍሬሽማን ላይ የመጀመሪያውን ዝቅተኛ ግሬድ ሲያይ የሚሰማው «ይህን አላጠናሁትም» የሚል አይደለም፤ «ለካ ጎበዝ አልነበርኩም» የሚል ነው። አንዳንዱ ከዚያ አይነሳም። ይህን ያደረግንበት በ4ኛ ክፍል የሚከብደውን ነገር ስለነፈግነው ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ማስቻልን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ ጽፎ ነበር። የመጀመሪያው ወገን፣ አሁንም የሚገባውን ያህል ባይሆንም፣ የሚከራከርለት ባለሙያና ክፍል አግኝቷል። ሁለተኛው ወረቀቱ ላይ ቀረ፤ «ራሱን ያወጣል» ስለተባለ የሚጠይቅለት አልነበረምና።

ስለዚህ የምጠይቀው አዲስ መመሪያ አይደለም። ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚልኩት ሪፖርት አለ፤ ስንት ተመዘገበ፣ ስንት አቋረጠ፣ ስንት ደገመ፣ ስንት አለፈ የሚል። እዚያ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር፦ በዚህ ዓመት ከክፍሉ በላይ የተማረ ልጅ ስንት ነው፣ በየትኛው ትምህርት፣ ከእነሱስ ሴቶች ስንት ናቸው። ዜሮ ብሎ የሚልክን ትምህርት ቤት በየጉድኝት ማዕከሉ ያለው ሱፐርቫይዘር ሄዶ ይጠይቀው፤ ስለ አቋረጡት እንደሚጠይቀው ሁሉ፣ ልጆቹን እንዴት እንደፈለጓቸው፣ ምን ጥያቄ እንደሰጧቸው፣ ምን እንዳዩ።